ጉልቤ ደፉን አልሻገርም አለ

ሰኞ

ዛሬም መሬቱ ነቅነቅ አለ። ከባድ መኪና በበራችን ሲያልፍ ብርጭቆ መደርደሪያ ላይ እንደሚንጫጫው ነው፤ ከዚያ አይበልጥም። ሰዉ ግን ሥራውን ጥሎ ውሻና ድመቱን ሲያይ ይውላል። ክሊኒኩ ገና ሳይከፈት ሰልፉ መንገድ ላይ ወጥቶ ጠበቀኝ። የታመመ እንስሳ የያዘው ጥቂቱ ነው፤ ሌላው የመጣው ሊጠይቀኝ ነው።

ጡረተኛው ሾፌር ድመቱን በካርቶን አቅፎ ገባ። ልጆቿን ከአልጋ ሥር አውጥታ ቁም ሣጥን አናት ላይ ደረደረቻቸው አለኝ። "ጎበዝ እናት ናት፤ ምን አጠፋች?" ስለው፣ "ዶክተር፣ ቀልዱን ተይውና ሊመጣ ነው እንዴ?" አለኝ። "ማን?" አልኩት። ተቀይሞኝ ካርቶኑን አንስቶ ወጣ። ከእሱ በኋላ የገባችው ሴትዮ ደግሞ ዶሮዎቿ ቤታቸው አንገባም ብለው ጣራ ላይ እንደሚያድሩ ነገረችኝ። ሐኪም እንጂ ጠንቋይ አለመሆኔን በር ላይ ልለጥፍ ነው።

ረቡዕ

ከማዘጋጃ ቤት አንድ ሰውዬ መጥቶ፣ ሬዲዮ ላይ ወጥተሽ ሕዝቡን አረጋጊልን አለኝ። ሰዉ ልጆቹን ይዞ ሜዳ ላይ ማደር ጀምሯል፤ ሕፃናቱን ብርድ ሊጨርሳቸው ነው። ወጣሁ። እንስሳት አደጋን ቀድመው ያውቃሉ የሚባለው ተረት ነው አልኩ። "ውሻ ነቢይ ቢሆን ኖሮ የክትባቱን ቀን አውቆ ከቤት ይጠፋ ነበር" ስል ጋዜጠኛው በሳቅ ሞተ። ከሰዓት በኋላ ዳቦ ልገዛ ስወጣ የራሴን ቀልድ መልሰው ለእኔው ሲነግሩኝ ነበር። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው።

ማታ አዋጅ በአጥር በኩል ጠራችኝ። ጎረቤቴ ናት፣ ፀጉር ሠሪ፤ ጆሮዋ የገባ ነገር እሷ ዘንድ ስለማያድር ሰፈሩ በሙሉ "አዋጅ" ይላታል፣ እሷም ትወደዋለች።

"ዶክተርዬ፣ ያውቃል እኮ! የእኔ ውሻ ያንቺን ቦርሳ ገና ከሩቅ ሲያይ ነው አልጋ ሥር የሚወሸቀው!"

አብረን ሳቅን። ለነገሩ እውነቷን ነው።

ቅዳሜ

ታናሽ ወንድሜ ለምሳ መጣ። የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያ ነው የሚሠራው። አባባ "መርፌ" ይለዋል፤ አንድም ቅጥነቱን አይቶ፣ አንድም ቀኑን ሙሉ የመሣሪያውን መርፌ ሲያይ ስለሚውል። ዕድሜውን በልብስ ስፌት ለጨረሰ ሰው መርፌ ስድብ አይደለም።

ወሬውን የጀመረው አባባ ነው። "አያቴ፣ እባብ በብርድ ከጉድጓዱ ከወጣ አንተም ከቤትህ ውጣ ይሉ ነበር" አለ። እኔ ገና አፌን ስከፍት መርፌ ቀደመኝ። ጨርሶ ተረት ነው ማለት አይቻልም አለ። መሬት ከመንቀጥቀጡ በፊት ከኩሬያቸው የጠፉ እንቁራሪቶችን ያዩ ተመራማሪዎች አሉ፤ እሳተ ገሞራ ባለበት ተራራ ላይ የፍየል አንገት ላይ መሣሪያ አስረው የሚከታተሉም አሉ።

"እና ሬዲዮ ላይ ዋሸሁ ነው የምትለኝ?" አልኩት።

"ኧረ እህቴ፣ ምን በወጣሽ! ያረጋገጠ የለም። ውሻ በየቀኑ ይጮኻል፤ ምድር በየቀኑ አትንቀጠቀጥም። ከተንቀጠቀጠች በኋላ ነው ሰው የትናንቱ ጩኸት ትዝ የሚለው።"

"የእናንተስ መሣሪያ ምን ይላል?" አለ አባባ።

"መሣሪያውማ አባባ፣ ምድር ስትወራጭ ነው የሚያውቀው። ስትተነፍስ አይሰማውም።"

"ደግሞ ትተነፍሳለች?"

"በየስንጥቁ ትተነፍሳለች እንጂ! ከውስጥ ያመቀችውን አየር የት ታድርገው?"

አባባ ምድርም እንደ ሽማግሌ ሆዷን ይነፋታል ማለት ነው ብሎ ሲያስቀን ሾርባው ቀዘቀዘ።

ከምሳ በኋላ አባባ ሊጋደም ወደ ክፍሉ ወረደ። ክፍሉ ግቢው ጥግ ላይ ያለችው፣ ደረጃ ተወርዶ የሚገባባት የድሮ ሱቁ ናት። ትልቁ የመቁረጫ ጠረጴዛ እስከ ዛሬ ከትንሿ መስኮት ሥር አለ። አልጋ ወገቤን ይውጠዋል እያለ እዚያ ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግቶ ነው የሚተኛው። እማማ ከሞተች ወዲህ ጉልቤ ከእግሩ ሥር ተጠቅልሎ ያድራል። ጉልቤ ማለት ጫማ ውስጥ የሚገባ የሚያክል ውሻ ነው እንጂ ጉልበትስ የለውም፤ ስሙን ያወጣለት አባባ ነው፣ ለቀልድ።

ዛሬ ግን ጉልቤ ደረጃው አናት ላይ ቀረ። አባባ ከታች "ና እንጂ፣ አንተ ዋልጌ!" ይለዋል፤ እሱ ጅራቱን ይቆላል፣ አንድ ደረጃ ይወርዳል፣ ይመለሳል። ጠግቦ ነው።

ሰኞ

ሥራ በዝቷል። በአጭሩ። ከታችኛው ቦይ አጠገብ ሞተው የተገኙ አንዲት ድመትና ጥቂት እርግቦች አመጡልኝ። ቁስል የለም። አረፋ የለም። ሆዳቸው ንጹሕ ነው። የተኙ ነው የሚመስሉት፤ ድመቷማ እግሯን አጥፋ አፍንጫዋን ጅራቷ ውስጥ ከታለች። "የአይጥ መርዝ ሳይሆን አይቀርም" ብዬ ሰደድኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ?

ማክሰኞ

ጉልቤ ሌሊቱን ደረጃው ላይ አድሯል። ጤዛው ፀጉሩን አበስብሶት ነበር። መረመርኩት፤ ጆሮው ደህና፣ ጥርሱ ደህና፣ መገጣጠሚያው ደህና። አቅፌ ወደ ታች ሳወርደው ልቡ እጄ ላይ እንደ ወፍ ልብ ይመታል። ደፉ ጋ ስንደርስ ነከሰኝ። በሕይወቱ እኔን ነክሶኝ አያውቅም። ደም አልወጣም፤ ግን ተናደድኩ።

አባባ ጠዋት ጠዋት ራሱን ያመዋል። ግቢ ወጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ ይተወዋል። የደም ግፊት ነው፤ ክኒኑን ሐኪሙ ከፍ እንዲያደርግለት ነገ እወስደዋለሁ።

ሐሙስ ማታ

ክኒኑ ከፍ አለ። ራስ ምታቱ አለ። "ሕልም አስቸገረኝ" አለኝ ዛሬ ሻይ ሲጠጣ። "ጉድጓድ ውስጥ ሆኜ ደረጃ እወጣለሁ፣ እወጣለሁ፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ደረጃው አያልቅም። ነቅቼም ልቤ ይመታል።" እራት አርፍደህ አትብላ አልኩት።

መብራት ሲጠፋ የሚያበራት ፋኖስም አስቸግራዋለች። ጠረጴዛው ላይ ስትሆን ደህና ትነዳለች፤ ፍራሹ አጠገብ ሲያስቀምጣት ትንፈራገጥና ትጠፋለች። "እርጅና ከእኔ ተጋባባት" ይላል። ክሯን ቀየርኩለት። አዲስ ክርም ያው ነው። ጋዙ ውሃ ሳይገባበት አልቀረም።

ከሰዓት መርፌ ደውሎ "አባባ እኔ ጋ ፎቅ ላይ ይክረም፣ ነገሩ እስኪረጋ ነው" አለኝ። መሬት ቢንቀጠቀጥ ፎቅ ይሻላል ወይ ብዬ አፌዝኩበት። "እሱን ብዬ አይደለም። ድምፁ ደክሞብኛል፣ ዓይኔ ሥር ልየው ብዬ ነው" አለ። እሺ ልል ነበር። ግን ሰፈሩን አውቀዋለሁ። የእንስሳት ሐኪሟ አባቷን አሸሸች ከተባለ ነገ ሜዳው መልሶ ይሞላል። ይሄን ለመርፌ አልነገርኩትም፤ "አባባ ቤቱን አይለቅም" አልኩት። አባባን ግን አልጠየቅኩትም።

ዓርብ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ዛሬ ሱቅ ውስጥ ሳሙና ስመርጥ፣ ከጀርባዬ ያሉት እንዳለሁ ሳያውቁ ያወራሉ።

"የሐኪሟ ውሻ ራሱ ቤት አልገባም ብሏል አሉ።"

"እሷ ግን ለእኛ ግቡ ትለናለች!"

"ውሻ ጌታውን ከሸሸ ደግሞ ሌላ ነው ትርጉሙ። ሽማግሌውን አይታችኋል? ፊቱ እኮ ጠቁሯል።"

ሳሙናውን አስቀምጬ ወጣሁ። አዋጅ ናት ያወራችው፤ ከእሷ በቀር ግቢያችንን የሚያይ የለም። በአጥር ጠርቼ "ውሻዬን ለምን ገበያ አወጣሽው?" ስላት አልካደችም። "ዶክተርዬ፣ ያየሁትን ነው ያወራሁት፤ አንቺ ላይ ክፉ አላወራሁም። ግን እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ሆኖ ነው?" አለችኝ። "ፍርሃት ይዞት ነው፤ ነውጡ ሲሆን ክፍሉ ውስጥ ስለነበረ ነው፤ ይድናል" አልኳት። እንዲህ መሆኑን አላውቅም። ስናገረው ግን ትክክል መሰለኝ፤ አሁንም ይመስለኛል።

እሑድ

ውሻ ጌታውን ከሸሸ። ምን ዓይነት ጅል አባባል ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት ሥራዬ ስንት ውሻ ከስንት ጌታ ሸሽቶ አይቻለሁ፤ ጌቶቹ ዛሬም ሰላም ይሉኛል። ይሄንን እያወቅኩ ዛሬ አባባ እንቅልፍ ሲወስደው ወርጄ ደረቱ ሲነሣና ሲወርድ አየሁት። ፈጥኖ ይተነፍሳል፣ እንደ ሮጠ ሰው። ጎንበስ ብዬ ብርድ ልብሱን ሳስተካክል ጉንጬን አንድ ነገር ነካ ያደረገኝ መሰለኝ፤ አፌ ውስጥ ኮምጠጥ አለኝ፣ ራሴን አዞረኝ። ደረጃውን ስወጣ ተወኝ። ምሳ አልበላሁም ነበር።

አይጦቹ ጠፍተዋል። ዛሬ ነው ያስተዋልኩት። ክፍሏ በክረምት ያለ አይጥ ቀርታ አታውቅም ነበር።

ማክሰኞ

አባባን ጠየቅኩት። "መርፌ ጋ ፎቅ ላይ መክረም ትፈልጋለህ?"

ጥቂት አሰበ። "አንቺስ ምን ትያለሽ?" አለኝ።

"እንደፈለግክ።"

"ጉልቤ የሚሆነው አጥቶ ነው እንጂ እኔስ ምንም አልልም። እሱ ከገባ እተኛለሁ። ሳይኖር እግሬ ይበርደኛል።" ከዚያ ሳቅ አለና "ሰውም ምን ይላል፣ አይደል? ሬዲዮ ላይ ወጥተሽ!" አለኝ። ለካ ያውቃል። ፊቴ ጋለ።

ስለዚህ የሚቀረው ጉልቤን ማስገባት ነው። ይሄ ደግሞ ሥራዬ ነው። ፈሪ ውሻ ከሚፈራው ነገር ጋር አንዴ ካላደረ አይለምድም። ሲያለቅስ ከከፈቱለት ማልቀስ በር እንደሚከፍት ይማራል፤ ካልከፈቱለት አልቅሶ አልቅሶ ይተወዋል፣ በነጋታው ረስቶታል። ለስንቱ ባለ ውሻ ነግሬ ሠርቶላቸዋል።

ሐሙስ ማታ

ዛሬ ይሁን አልን። አባባ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" እያለ እየሳቀብኝ ወረደ። ጉልቤን በፎጣ ጠቅልዬ አስገባሁት። ፎጣውን ስፈታው ጮኾ ወደ በሩ ሮጠ፤ በአፍንጫው ላይ ዘጋሁበት። በሩን በጥፍሩ ስቦ መክፈት ስለሚችል ከውጭ ቀረቀርኩት፤ ሱቅ በነበረች ጊዜ ቁልፍ የምንሰቅልበት መቀርቀሪያ እስከ ዛሬ አለ። "እኔንም አሠርሽኝ እኮ!" አለ አባባ ከውስጥ። "ለአንድ ሌሊት ነው፣ ምን ቸገረህ?" አልኩት። መስኮቷንም አስቀድሜ ዘግቻታለሁ፤ ከበሩ ሥር ባለው ክፍተት ምንጣፍ ወትፌያለሁ። ጩኸቱ ለጎረቤት ከተሰማ አዋጅ ሌላ አዋጅ ታወጣለች። ጠዋት መጥተሽ እዪው ብያታለሁ፤ ከእግሩ ሥር ተኝቶ ታየዋለች።

ነፋስ የለም። ቅጠል አይንቀሳቀስም። ጭስ ማውጫዎቹ ሁሉ ጭሳቸውን ወደ ላይ መላክ አቅቷቸው ሰፈሩ ላይ አንጥፈውታል። ያለወትሮው አንድም ውሻ አይጮኽም፤ የእኛው ብቻ ነው።

ያለቅሳል። በሩን ይቧጥጣል። ሞኙ፣ ጥፍሩን ሊጨርሰው ነው። እንደ ልጅ ነው የሚያለቅሰው፣ አንድ ረዘም ያለ፣ ከዚያ አጠር አጠር ያሉ። ጆሮዬን በትራስ ሸፈንኩ፣ መልሼ ገለጥኩት። ብሄድ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው። ለሰው የምመክረውን እኔ ካላደረግኩ ምኑን ሐኪም ሆንኩ።

አባባ "ና! ና ውጣ! ወደዚህ ውጣ!" ሲለው ሰማሁ። ፍራሹ ላይ እየጠራው ነው፤ ጥሩ ነው፣ ይሄዳል።

አሁንም ይቧጥጣል፤ ግን እየደከመው ነው።

ዝም አለ።

ሠራ! ዝም አለ። አባባም ዝም ብሏል። ሁለቱም ተኙ። እኔም ልተኛ።

ዓርብ

ጉልቤ ሞቷል። አባባ ሆስፒታል ነው፤ በሕይወት አለ። አልችልም።

እሑድ

መርፌ ጻፊው አለኝ። ምን ብዬ።

ጠዋት አዋጅ ቁርሷን እንኳ ሳትበላ መጣች። እየሳቅኩ ነበር ይዣት የወረድኩት። መቀርቀሪያውን አነሣሁ፤ በሩን ስገፋ ከበደኝ። ጉልቤ ከበሩ ሥር ነበር፣ አፍንጫውን እኔ በወተፍኩት ምንጣፍ ውስጥ ቀብሮ፤ ግማሹን ቧጥጦ ወደ ውስጥ ስቦታል። ጥፍሮቹ ደም ነበሩ። ሞቃት ነበር ልል አልችልም፤ በርዶ ነበር።

አባባ ፍራሹ ላይ የለም። ሳየው የመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ወጥቶ፣ እግሮቹን አጥፎ፣ አፉን የመስኮቷ ስንጥቅ ላይ ለጥፏል። መስኮቷን እንደ ምንም ብሎ ጣት በምታስገባ ልክ ነው የከፈታት፤ እኔ አጥብቄ ነበር የዘጋኋት። ከንፈሩ ሰማያዊ ነው። ዓይኑ ያየኛል፤ አያውቀኝም። ልይዘው ስሮጥ ጉልበቴ ከዳኝና ወለሉ ላይ ወደቅኩ፤ እዚያ ታች አየር የለም። አየር የሚመስል ነገር አለ፣ ስስበው ግን አየር አይደለም። አዋጅ ናት በቀሚሴ ጎትታ ያስወጣችኝ፤ እሷ ናት ጮኻ ሰፈሩን የጠራችው። ለዚያ ጩኸት ዕድሜዬን በሙሉ አመሰግናታለሁ። አባባን ትንፋሻቸውን ይዘው በብርድ ልብስ አወጡት።

መርፌ በኋላ ሻማ ለኩሶ ደረጃው ላይ ቆመና በገመድ አወረደው። ከደፉ ትንሽ እንዳለፈ ማንም ሳይነካው ጠፋ። መልሶ ለኮሰው፤ እዚያው ቦታ ላይ ጠፋ። የማይታይ ውሃ የገባበት ይመስላል። ደረጃው ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ከዚያ "እኔ እኮ ለቀልድ ነው ያልኩት። ትተነፍሳለች ያልኩት ለቀልድ ነው" አለ።

ረቡዕ

ከጣቢያው ሰዎች መለኪያ ይዘው መጥተው ታችኛውን ሰፈር ሁሉ ዞሩ። ነውጡ ከሥር ስንጥቅ ከፍቷል፤ ከአየር የሚከብድ ጋዝ በዝግታ ይወጣል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ዝቅ ያለ ቦታ ያጠራቅመዋል፤ ነፋስ ሲኖር ይበተናል፣ በሌለበት ሌሊት ይሞላል። የአባባ ክፍል፣ የሴትዮዋ የዶሮ ቤት፣ ቦዩ። ከሾፌሩ አልጋ ሥርም አገኙት። ድመቷ ልጆቿን ቁም ሣጥን ላይ የሰቀለችው ከዚያ ነበር። እኔ "ጎበዝ እናት ናት" አልኩ፤ ልክ ነበርኩ፣ ሳላውቀው።

የታችኞቹን ቤቶች አስለቀቋቸው። ሰው አልሞተም።

ሰኞ

ያ ሁሉ የተፈራው መንቀጥቀጥ አልመጣም። የመሣሪያው መርፌ ጸጥ ብሏል። ሬዲዮ ጣቢያው ዛሬ ደውሎ፣ "ውሻዎ አደጋውን እንዴት እንደተነበየ ይንገሩን፣ ሕዝቡ ሊሰማ ጓጉቷል" አለኝ። አልተነበየም አልኩት። ጋዜጠኛው አልገባውም። ነገ የሚመጣ ነገር አልነበረም፤ እዚያው የነበረ ነገር ነው። ሰፈሩ ሁሉ ስለ ነገ ይጠይቀኛል፣ እኔም ስለ ነገ እከራከራለሁ፤ እሱ ግን የዛሬን ነበር የሚናገረው፣ እዚህ መተንፈስ አይቻልም ነበር የሚለው። ይህንን ስለው፣ "የክትባቷን ቀልድ ግን ቢደግሙልን" አለኝ። ዘጋሁበት።

ከሰዓት አንዲት ሴት ድመቷ ማድ ቤት አልገባም ማለቷን ልትነግረኝ መጣች። መድኃኒት አልሰጠኋትም። ቦርሳዬን ይዤ ማድ ቤቷን ልመረምር ሄድኩ። በርከክ ብዬ ሻማ እያስጠጋሁ ወለሉን ሳሸት ሴትዮዋ ያበድኩ መሰላት። ምንም አልነበረም፤ የገዛችው ሳሙና ነው ድመቷን ያስጠላት።

ቅዳሜ

አባባ መርፌ ጋ ፎቅ ላይ ነው። አልጋ ላይ ይተኛል፤ ወገቤን በላኝ አይልም። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ግን አሁንም ይችላል፣ ትናንት ለመርፌ ቁልፍ ሰፍቶለታል። ከእኔ ጋር ስለ ሾርባው፣ ስለ ብርዱ ያወራል። ስለዚያ ሌሊት አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም ነበር። የክፍሉ በር እንዲዘጋ አይፈልግም፤ ማታ ስሄድ ሁልጊዜ "ክፍት ነው?" ይለኛል። "ክፍት ነው አባባ" እለዋለሁ። የታችኛውን ክፍል መቀርቀሪያ ነቅዬ ጥዬዋለሁ፤ ምን ዋጋ አለው፤ ግን ነቀልኩት።

ዛሬ እግሩን ሳሽለት ቆይቼ ልነሣ ስል እጄን ያዘኝ።

"ጠረጴዛው ላይ ሆኜ ስጠራው አልመጣም" አለ። "ላነሣው ብወርድ እንደማልመለስ አወቅኩት። ከበሩ አልላቀቅ አለ። አንቺ ትከፍቺያለሽ ብሎ ነው።"

መልሼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ሲያለቅስ ይሰማሽ ነበር?"

"ይሰማኝ ነበር።"

ራሱን ነቀነቀ፤ አልተቆጣም። መስኮቱን ሲያይ ቆየ።

"ዝም ሲልስ?"

"ተኛሁ፣ አባባ።"

እጄን ለቀቀኝ። ከዚያ እግሬን ሸፍኚልኝ፣ በረደኝ አለኝ፤ ሸፈንኩለት።